ሞተሩ ተለወጠ፤ ዙር ቆጣሪው ግን ዝም አለ



ያረጀ ሞተር አውጥቶ ሌላ ማስገባት በየጋራዡ የተለመደ ሥራ ነው። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቤንዚን የለመደ ባለ መኪና በእጁ ያለችውን ጠግኖና አድሶ ቢይዝ አያስገርምም። እንግዲህ ሞተሩ ገባ፤ ተነሣ፤ ድምፁም አማረ እንበል። ባለ መኪናው ለመካኒኩ የእጁን ከፍሎ፣ መሪውን ጨብጦ ከግቢው ሲወጣ ግን በፊቱ ከተደረደሩት መለኪያዎች አንዱ ከዜሮ ፈቀቅ አልልም ብሎ ተቀምጧል። ይኸውም የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው፣ ባለሞያው ታኮሜትር፣ ሌላው ሰው ደግሞ በተለምዶ አርፒኤም የሚለው ነው።

«መኪናዋ እስከ ሄደች ድረስ መርፌው ቢነሣ ባይነሣ ምን ቸገረኝ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሌላው ደግሞ ነገሩ ያሳስበውና በማግስቱ ገበያ ወጥቶ አዲስ ቆጣሪ ይገዛል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ዝም ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው የቆጣሪውን ጥቅም አላወቀም፤ ሁለተኛው የዝምታውን ምክንያት አልጠየቀም። ዛሬ በዚህ ገጽ ሁለቱንም በየተራ እንመለከታለን።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

ታኮሜትር የሚለው ስም ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «ታኮስ» ፍጥነት፣ «ሜትሮን» መለኪያ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዙር መለኪያ የሠራው ዲትሪሽ ኡልሆርን የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እንደ ሆነ ይነገራል። እርሱም በ1817 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፋብሪካ መሣሪያዎችን ፍጥነት ለካበት። ቆየት ብሎም ለባቡር ሎኮሞቲቭ ዋለ። ካርል ቤንዝ ለአውቶሞቢሉ የፈጠራ መብት የጠየቀው በ1886 ስለ ሆነ፣ ይህ መሣሪያ ከአውቶሞቢል የሚቀድም ሽማግሌ ነው ማለት ይቻላል።

የኪሎ ሜትር መለኪያው የመንኰራኩሩን ሩጫ ይነግርዎታል፤ ዙር ቆጣሪው ግን የሞተሩን ድካም ይነግርዎታል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በአራተኛ ማርሽ የሚሄድ ሞተር ረጋ ብሎ ይሠራል፤ በዚያው ፍጥነት በመጀመሪያ ማርሽ ቢሄድ ግን ይጮኻል፤ ይንገበገባልም።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ያስቡ። አዋቂ ሾፌር በዚያ ቁልቁለት ፍሬኑ እንዳይግልበት ማርሹን ዝቅ አድርጎ መኪናዋን በሞተሩ ይይዛታል። መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ማርሹ ለፍጥነቱ ከሚገባው በታች ዝቅ ካለ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጁ መሆኑ ይቀርና መንኰራኩሩ ይሆናል። በአሁኑ ዘመን ብዙ ሞተሮች ዙሩ ከልክ ሲያልፍ ነዳጁን የሚቆርጥ መከላከያ አላቸው፤ በቁልቁለት ግን ያ መከላከያ አያድንም፤ ሞተሩን የሚገፋው የመኪናዋ ክብደት ነውና። ከልክ ያለፈ ዙር ቫልቭን ከፒስተን ያጋጫል፤ በብዙ ገንዘብ የገባውን ሞተርም በአንድ ደቂቃ ያበላሻል። ይህ ከመሆኑ በፊት በቁጥር የሚያስጠነቅቅዎ በቆጣሪው ላይ ያለው ቀይ መስመር ነው። «በድምፁ አውቀዋለሁ» እንዳይሉም፣ የአሮጌውን ሞተር ድምፅ የለመደ ጆሮ ለእንግዳው ሞተር ገና ተማሪ ነው።

ቆጣሪው ምን ይሰማል?

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቆጣሪው ጆሮ እንጂ ዓይን የለውም። ሞተሩ ሲዞር አያየውም፤ ከሞተሩ የሚላክለትን ምት እየሰማ ይቆጥራል። ሞተሩ ሲለወጥ ቆጣሪው አልተነካም፤ የተለወጠው ምቱን የሚልከው ነው። ስለዚህ መርፌው ዝም ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ቆጣሪው አይደለም፤ የሚያናግረው አጥቶ ነው።

ምቱ ከየት ይመጣል? እንደ መኪናው ዘመንና ዓይነት አራት መንገድ አለው።

በጥንት መኪናዎች፣ በተለይም በእንግሊዝ የስፖርት መኪናዎች ላይ፣ ከሞተሩ እስከ ቆጣሪው የሚደርስ የሚዞር ገመድ ነበረ። ገመዱ በቆጣሪው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱም የአሉሚኒየም ቆብ እየሳበ መርፌውን ይገፋል።

በዲስትሪቢዩተር በሚሠራ የቤንዚን ሞተር ምቱ የሚወሰደው ከኮይሉ ኔጋቲቭ ጫፍ ነው። ኮይሉ ለካንዴላ እሳት በሰጠ ቁጥር በዚያ ጫፍ ላይ አንድ ምት ይሰማል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 2 ጊዜ እሳት ይሰጣል። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር በደቂቃ 6000፣ በሴኮንድም 100 ምት ይላካል ማለት ነው።

በናፍጣ ሞተር ካንዴላም ኮይልም የለም። እዚያ ምቱ ከናፍጣው ፓምፕ ላይ ከተተከለ ሴንሰር ወይም ከዲናሞው ጀርባ «ደብልዩ» ከሚባለው ጫፍ ይመጣል።

በአዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ክራንክሻፍቱን የሚመለከት ሴንሰር ለሞተሩ ኮምፒዩተር ይናገራል፤ ኮምፒዩተሩም ቁጥሩን ለዳሽቦርዱ ያስተላልፋል። በአንዳንዱ መኪና በአንዲት ሽቦ እንደ ተራ ምት ይልከዋል፤ በሌላው ግን በተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ላይ ከሌላ ብዙ መልእክት ጋር እንደ ቴሌግራም ይልከዋል። እንዲህ ያለውን መልእክት የሚያነበው የዚያው መኪና ዳሽቦርድ ነው።

አሁን ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ከነዚህ አራት ዓይነት መኪናዎች የአንዱን ሞተር ከሌላው ዳሽቦርድ ጋር ቢያጋቡ፣ አንዱ ሌላውን አይሰማውም።

በተራ የሚደረግ ምርመራ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ምርመራውን ከቀላሉ ጀምሮ በተራ ማድረግ ነው። አንድ ቴስተር ብቻ ይበቃል።

አንደኛ፤ ሌሎቹን መለኪያዎች ይመልከቱ። የነዳጁና የሙቀቱ መርፌም አብረው ዝም ካሉ ጉዳዩ የጋራ ነው፤ ፊውዝ ተቃጥሎ ወይም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ሶኬት ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል። ሌሎቹ ሠርተው ዙር ቆጣሪው ብቻውን ከተኛ ግን የሚፈለገው ወደ እርሱ በሚሄዱት ሽቦዎች ላይ ነው።

ሁለተኛ፤ ኤሌክትሪኩ ደርሶታልን? ቁልፉን ይክፈቱ፤ ሞተሩን ግን አያስነሡ። በቆጣሪው መጋቢ ሽቦ ላይ የባትሪው ኃይል፣ ማለትም 12 ቮልት ያህል መገኘት አለበት። ከሌለ ፊውዙን ይዩ፤ ከዚያም ሽቦውን ተከትለው ይሂዱ።

ሦስተኛ፤ ማሳው ደህና ነውን? ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው። ሞተር ሲወጣና ሲገባ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ወፍራም የማሳ ሽቦ ሳይታሰር የሚረሳበት ጊዜ አለ። ምልክቱም ሞተሪኖው ሲዞር መብራቱ ከልክ በላይ መፍዘዙና መለኪያዎቹ እንዳበደ ሰው መወራጨታቸው ነው። ለመሞከር ከቆጣሪው የማሳ ጫፍ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ሽቦ ለጊዜው ይዘርጉ። መርፌው ከነቃ በሽታው ተገኘ።

አራተኛ፤ ምቱ ይደርሳልን? ኃይሉም ማሳውም ደህና ከሆኑ የቀረው ይኸው ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ የድግግሞሽ ብዛት በሄርዝ በሚለካ ቴስተር በቆጣሪው የምት ሽቦ ላይ ይለኩ። ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ 900 ዙር ሲሠራ በሴኮንድ 30 ምት ያህል ሊገኝ ይገባል። እዚህ ምት ካለና መርፌው ካልተነሣ፣ ወይ ምቱ ለቆጣሪው የማይስማማ ነው፣ ወይም ቆጣሪው ራሱ ተበላሽቷል። ምት ከሌለ ግን ወደ ሞተሩ ወርደው በምንጩ ላይ ይለኩ። በምንጩ ኖሮ በመጨረሻው ከጠፋ ሽቦው በመካከል ተቆርጧል። በምንጩም ከሌለ ምንጩ ራሱ ሌላ ነው።

ገመድ ላለው ጥንታዊ መኪና ነገሩ ይቀላል። ገመዱን ከቆጣሪው ፈትተው የቆጣሪውን ጫፍ በጣትዎ ፈጠን አድርገው ቢያዞሩት መርፌው መንቀጥቀጥ አለበት። ከተንቀጠቀጠ ቆጣሪው ሕያው ነው፤ ችግሩ በገመዱ ወይም ገመዱ በሞተሩ ላይ በሚገባበት ቦታ ነው።

አንድ ምሳሌ

ነገሩን በሚታወቅ መኪና እንግለጸው። የቶዮታ ኮሮላ የቀድሞ ሞተር የሆነው 4ኤ-ኤፍኢ ዲስትሪቢዩተር አለው። ኋላ የመጣው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ግን ዲስትሪቢዩተር የለውም፤ በየካንዴላው ራስ ላይ አንዳንድ ኮይል ተቀምጧል። የእያንዳንዱ ኮይል ማቀጣጠያ በራሱ ውስጥ የተደበቀ ስለ ሆነ፣ የቀድሞው የቆጣሪ ሽቦ የሚታሰርበት የኮይል ኔጋቲቭ ጫፍ በውጭ አይገኝም። መካኒኩ ሽቦዋን ይዞ ቢዞር ቢዞር ቦታ አያገኝላትምና በናስትሮ ጠቅልሎ ይተዋታል። ቆጣሪው ዝም አለ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ ሽቦዋን ባገኙት ቦታ መሰካት አይደለም። የአዲሱ ሞተር ኮምፒዩተር ለዳሽቦርዱ የዙር ምልክት የሚያወጣበት ጫፍ ካለው፣ ከሞተሩ የኤሌክትሪክ ሥዕል ላይ ፈልጎ ከዚያ መውሰድ ነው። አሮጌው ቆጣሪ የለመደው ከኮይል የሚመጣውን ብርቱ ምት በመሆኑ፣ የኮምፒዩተሩ ምት ደክሞበት ላይሰማው ይችላል። ያን ጊዜ በመካከል ገብቶ ምቱን የሚያበረታ ትንሽ አስማሚ ይፈለጋል። መልእክቱ በሁለቱ የተጠማዘዙ ሽቦዎች የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ተራ ሽቦ ምንም አይረዳም፤ መልእክቱን ወደ ምት የሚመልስ አስተርጓሚ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ከዝምታ የከፋው ሐሰት

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደርሰናል። መርፌው ተነሣ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ዝም ያለ ምስክር አይጠቅምም፤ አይጎዳምም። የሐሰት ምስክር ግን ያስፈርዳል።

ለምሳሌ ለባለ 4 ሲሊንደር የተሠራ ቆጣሪ በአንድ ዙር 2 ምት ይጠብቃል። ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ቢገባ 3 ምት ይልክለታል፤ እንግዲህ እውነቱ 2000 ሲሆን መርፌው 3000 ይላል። ይህ ቢበዛ ሾፌሩን ያለ ጊዜው ማርሽ ያስቀይረዋል። አደጋው በተቃራኒው ነው። ባለ 6 ወጥቶ ባለ 4 ቢገባ፣ እውነቱ 3000 ሲሆን መርፌው 2000 ይላል። አንድ ኮይል ለሁለት ካንዴላ በሚሰጥበት ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር፣ ሽቦው ከአንደኛው ኮይል ብቻ ከተወሰደ በአንድ ዙር የሚላከው 1 ምት ነው፤ ሞተሩ 4000 ሲዞር መርፌው 2000 ያሳያል። ሾፌሩም «ገና ነው» እያለ ይነዳል፤ በቁልቁለቱ ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፤ መርፌው ወደ ቀዩ መስመር ሳይጠጋ ሞተሩ ይሰበራል።

በናፍጣም እንዲሁ ነው። 12 ዋልታ ያለው ዲናሞ በራሱ አንድ ዙር 6 ምት ይሰጣል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ዲናሞው 2 ጊዜ የሚዞር ከሆነ ምቱ 12 ይሆናል። 2 ምት የሚጠብቀው የቤንዚን ቆጣሪ ይህን ቢሰማ ስድስት እጥፍ ሊያሳይ ይሞክርና መርፌው ከመጨረሻው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ለዲናሞ ምት የሚሆነው በዚያው ልክ የሚስተካከል ቆጣሪ ነው። ቺንጋው የላላ እንደ ሆነም ቁጥሩ ይዋሻል።

እውነቱን የሚያረጋግጡት በማወዳደር ነው። በጋራዡ የኮምፒዩተር ማንበቢያ ካለ፣ ወይም በብርሃን የሚቆጥር የእጅ ታኮሜትር ከተገኘ፣ በሚኒሞ፣ በ2000 እና በ3000 ዙር ሁለቱን ያስተያዩ። ልዩነቱ በሦስቱም ላይ በአንድ ስሌት ከሄደ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ግማሽ ከሆነ፣ ስሕተቱ የቆጠራ ነው። በአንዳንድ ቆጣሪ ጀርባ ላይ 4፣ 6 እና 8 ሲሊንደር የሚመርጥ ማዞሪያ አለ፤ እርሱን ማስተካከል ይበቃል። ልዩነቱ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚዘልል ከሆነ ግን የላላ ጫፍ፣ ደካማ ማሳ፣ ወይም ከካንዴላ ሽቦዎች ጎን ተያይዞ የሚሄድ የምት ሽቦ አለ ማለት ነው።

ቀዩንም መስመር አይርሱ። በቆጣሪው ፊት ላይ የተቀባው ቀይ የአሮጌው ሞተር ልክ ነው። የናፍጣ ሞተር ልክ ከቤንዚኑ ዝቅ ያለ ነው። የአዲሱን ሞተር ልክ ከመጽሐፉ አግኝተው በቆጣሪው መስተዋት ላይ በቀይ ናስትሮ ምልክት ያድርጉ።

ጥንቃቄ

ወደ ካንዴላ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በብዙ ሺህ ቮልት የሚቆጠር ነው፤ የኮይሉ ኔጋቲቭ ጫፍም ባትሪው 12 ቮልት ቢሆንም በየምቱ ለቅጽበት ወደ መቶዎች ይዘላል። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ በእጅ አይንኩት። ወደ ኮምፒዩተሩ በሚሄዱ ሽቦዎች ላይ የሙከራ አምፖል አይሰኩ፤ አምፖሉ የሚስበው ኃይል ኮምፒዩተሩን ሊያቃጥል ይችላልና። ሽቦ ከመቁረጥና ከመቀጠል በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። ከቢሮ ወጥተው በቀጥታ ወደ መኪናው የሚያጎነብሱ ከሆነ ደግሞ ከረባትዎን ያውልቁ፤ ቺንጋና ማራገቢያ ሰውን አይመርጡም። በተዘጋ ቤት ውስጥም ሞተር አያስነሡ፤ ጭሱ ሽታ በሌለው መርዝ ይገድላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ከኮይሉ የሚነሣው የቆጣሪ ሽቦ ልባሱ ተልጦ አካሉን ከነካ፣ ቆጣሪው ብቻ ሳይሆን ሞተሩም ይጠፋል፤ እሳት መስጠት ያቅተዋልና። እንዲህ ባለ ሞተር የተተወች ሽቦ ተንጠልጥላ ካዩ «የማትጠቅም ናት» ብለው አይለፏት፤ ጫፏ በሚገባ መሸፈኑን ያረጋግጡ።

ሞተሩ ገና ካልተለወጠ

ገና ለማስለወጥ ያሰቡ አንባቢ ካሉ ለእርስዎ ሥራው ቀሎልዎታል። አሮጌው ከመውጣቱ በፊት በየሶኬቱ ላይ ምልክት ይለጠፍ፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። መካኒኩንም በአክብሮት እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ጌታዬ፣ የአዲሱ ሞተር ዙር ምልክት ከየት ይወጣል? ቆጣሪዬ በአንድ ዙር ስንት ምት ይጠብቃል? የሞተርና የአካሉ ማሳ የት ይታሰራል?» ሥራውን የሚያውቅ ሰው በጥያቄው አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። «ግድ የለም፣ በኋላ እናየዋለን» የሚል መልስ ከሰጠዎት ግን ዋጋውን ከመነጋገርዎ በፊት አንድ ጊዜ ያስቡ። ደግሞም የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የሚጻፍ ስለ ሆነ፣ የአዲሱን ሞተር ደረሰኝ ተቀብለው ለውጡን ተሽከርካሪ በሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብን ለነገ አይበሉ።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ፣ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። የተማረ ሰው ምልክቱ አንድ ነገር ሲበላሽበት ሁሉን አፍርሶ ሁሉን መግዛቱ አይደለም፤ አንዱን ከሌላው እየለየ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየሞከረ መሄዱ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ኃይሉን፣ ማሳውን፣ ምቱን፣ ቆጠራውን፤ በዚህ ተራ የሄደ ሰው የዝምታውን ምክንያት ሳያገኝ አይቀርም። መርፌው በተነሣ ጊዜም እውነት መናገሩን ሳያረጋግጡ ቁልቁለት አይውረዱበት።